ከውጭ ሠራተኛ ለማምጣት፤ የእንግሊዝ ስፖንሰር ላይሰንስ እንዴት ይወጣል?

እንግሊዝ ውስጥ ድርጅት ከፍታችሁ «ከአገር ቤት ሰው ላመጣ ነው፣ ከየት ልጀምር?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቪዛውን የሚያመለክተው ሠራተኛው ነው። እሱ ከማመልከቱ በፊት ግን እናንተ ቀጣሪዎቹ ከሆም ኦፊስ፣ ማለትም ከእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ስፖንሰር ላይሰንስ የሚባለውን ከውጭ ሠራተኛ የማምጣት ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ።

ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት ሥራው የሚፈቀድ መሆኑን አጣሩ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ሕጉ በጣም ጠብቋል። በስኪልድ ወርከር ቪዛ (ሙያ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው ቪዛ ነው) አዲስ ሰው ለማምጣት ሥራው በአብዛኛው የዲግሪ ደረጃ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ያሉት የሚያልፉት በልዩ ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ብቻ ነው። መደበኛው የደመወዝ ወለልም በዓመት 41,700 ፓውንድ ሆኗል፤ ለሥራው የተቀመጠው ክፍያ ከዚህ ከበለጠ የምትከፍሉት እሱን ነው። ለጀማሪዎችና ለአንዳንድ ሙያዎች ቅናሽ አለ። ብዙ ምግብ ቤቶች ይለምዱት የነበረው ሼፍ ከውጭ ማስመጣት ግን ቀርቷል፤ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ሠራተኞችም በሩ ከዚያው ቀን ጀምሮ ተዘግቷል። ይህን ሳያውቁ ከፍለው ያመለከቱ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ አንጀቴን ነው የበሉት። እያንዳንዱ ሥራ ባለ4 አሃዝ ኮድ አለው። ኮዱን የምትመርጡት ሰውዬው በየቀኑ በሚሠራው ሥራ እንጂ በማዕረጉ አይደለም። «ማናጀር» ብላችሁ ጽፋችሁ ካሽ ላይ ብታስቆሙት የሆም ኦፊስ ሰዎች ለቁጥጥር ሲመጡ ያገኙታል።

ሥራው ካለፈ ወደ ወረቀቱ ግቡ። ቢያንስ 4 ሰነድ ይጠየቃል፤ የትኞቹ እንደሆኑ በድርጅታችሁ ዓይነት ይወሰናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት የድርጅቱ ባንክ ስቴትመንት፣ የቤቱ የኪራይ ውል፣ የቫት ምዝገባ፣ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሸፍን የአሠሪነት ኢንሹራንስ፣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የመጣ የቀጣሪነት ምዝገባ እና የሂሳብ ሪፖርት ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ፎርሙ የሚሞላው ኦንላይን ሲሆን መጨረሻ ላይ የማስረከቢያ ወረቀት ይወጣል። እሱን ፈርማችሁ ከሰነዶቹ ጋር በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መላክ አለባችሁ። አንድ ወዳጄ ዓርብ ማታ «ሰብሚት» ብሎ ተኛ። ሰኞ አብረን ፋይሉን ስንከፍት የኪራይ ውሉ በራሱ ስም ነው፣ ባንኩ በድርጅቱ ስም ነው፣ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቁት አድራሻ ነው። አከራዩን ስንለምን፣ ኢንሹራንሱን ስልክ ላይ ስንጠብቅ፣ 5ኛው ቀን ከሰዓት ላይ በመከራ ደረስን። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ስሙና አድራሻው ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ከዚያ በኋላ ክፈሉ።

ፎርሙ ላይ ሦስት ኃላፊነቶች ይሞላሉ፤ ዋናው ኃላፊ፣ ከሆም ኦፊስ ጋር የሚገናኘው ሰው እና የሆም ኦፊስን የስፖንሰሮች ኦንላይን ሲስተም በየቀኑ የሚከፍተው ተጠቃሚ። ሦስቱንም አንድ ሰው መያዝ ይችላል። ዋናው ኃላፊ በምልመላው ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ይሁን፣ ለስም ብቻ የአክስታችሁን ልጅ አታስገቡ። ስህተት ቢሠራ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የላይሰንሱ ክፍያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ለአነስተኛ ድርጅትና ለበጎ አድራጎት 574፣ ለትልቅ ድርጅት 1,579 ፓውንድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሰጠው የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት፣ ሰው «ኮስ» የሚለው ማለት ነው፣ ያኔ 525 ፓውንድ ነበር። በዚያ ላይ ሰውዬው በሚቆይበት ዓመት ልክ የሚታሰብ፣ ከውጭ ሠራተኛ ሲመጣ ቀጣሪው ለመንግሥት የሚከፍለው የክህሎት ክፍያ አለ፤ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነው።

ይህን ወጪ ሠራተኛው ላይ አትጫኑ። የክህሎት ክፍያውን ማስከፈል ድሮም ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ የላይሰንሱንና የኮሱን ወጪ በስኪልድ ወርከር ከሚመጣ ሰው መልሶ መቀበል ላይሰንስ ያሰርዛል። ኮስ ለመግዛት ቤት የሸጡ፣ አራጣ የተበደሩ፣ እዚህ ከደረሱ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር ያጡ ልጆች አሉ። ላይሰንሱ ሲሰረዝ የልጁ ቪዛም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደላላ «በዚህ በኩል ገንዘብ አለ» ሲላችሁ ስልኩን ዝጉት።

ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ሳምንት በታች ይወስዳል። ተጨማሪ ከፍላችሁ በ10 የሥራ ቀን ማስጨረስ ይቻላል፣ ግን የቀን ኮታው ትንሽ ስለሆነ ጠዋት በጊዜ ሞክሩ። በመሀል የሆም ኦፊስ ሰዎች ሊጎበኟችሁ ይችላሉ፣ አንዳንዴም ሳይነግሩ ነው የሚመጡት። የሠራተኞቻችሁን የመሥራት ፈቃድ ኮፒ፣ ፔይሮል፣ የቀሪ መዝገብና አድራሻ ወዲያው ማሳየት መቻል አለባችሁ። «ይህን ሰው ለምን ፈለጋችሁት?» ሲሉ ደግሞ መልሱ ከሥራው ጋር የሚገጥም ይሁን። ከከለከሏችሁ ይግባኝ የለም፤ ብዙ ጊዜ እንደገና ለማመልከት 6 ወር መጠበቅ ግድ ነው።

ከተፈቀደ በኋላ ውጭ ላለ ሰው የሚሆነውን ኮስ በሲስተሙ በየሰዉ ትጠይቃላችሁ። ኮሱ ከተሰጠው በኋላ ሠራተኛው በ3 ወር ውስጥ ለቪዛ ማመልከት አለበት። መጥቶ ሥራ ካልጀመረ፣ ወይም ሳያስፈቅድ 10 የሥራ ቀን ተከታትሎ ከቀረ፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሪፖርት አድርጉ። ድርጅቱ አድራሻ ከቀየረ 20 የሥራ ቀን አላችሁ። ድሮ በየ4 ዓመቱ የነበረው እድሳት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ ስለዚህ የሚያስታውሳችሁ ደብዳቤ አትጠብቁ፣ የሪፖርት ቀኖቹን ራሳችሁ ካላንደር ላይ አስገቡ።