የጋዝ ማስክ ከማድረጋችሁ በፊት ይሄን እዩ

ብዙ ሰው ማስክ ካደረገ የተጠበቀ ይመስለዋል፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የሐኪም ቤቱ ማስክም ሆነ ኤን95 ጋዝ አይዝም፣ ኤን95 የሚይዘው ብናኝ ነው፣ ጋዝ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለጋዝ የሚሆነው ፊት ላይ ግጥም የሚል የጎማ ማስክ ካርትሪጅ የሚባል ማጣሪያ ተገጥሞለት ነው፣ ካርትሪጁ ውስጥ ያለው የከሰል ፍርፋሪ መርዙን ይዞ ያስቀረዋል።

ካርትሪጁም እንደ ጋዙ ይለያያል። በአውሮፓ አሰራር ቡናማው ለቲነርና ለመሳሰሉት ትነት ነው፣ ግራጫው ለክሎሪን፣ ቢጫው ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አረንጓዴው ለአሞኒያ። በአሜሪካኖቹ ደሞ የቲነሩ ጥቁር ነው፣ ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ክሎሪንና አሞኒያ አይንም ስለሚያቃጥሉ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ መግጠሙ። መጀመሪያ አገጫችሁን አስገቡ፣ ከዛ ማሰሪያውን ግራና ቀኙን እኩል ሳቡት። ሁለቱን ካርትሪጅ በመዳፋችሁ ድፍን አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፣ ማስኩ ወደ ፊታችሁ ገባ ብሎ 10 ሰከንድ ያህል እንደዛው ከቆየ ጥሩ ነው። አፍንጫችሁ አጠገብ ቀዝቃዛ አየር ሽው ካለ ግን ያስገባል ማለት ነው፣ አውልቃችሁ እንደገና አስተካክሉት። ጺም ካላችሁ ተላጩ፣ የሁለት ቀን ጺም እንኳን ክፍተት ይፈጥራል፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ደሞ በጣም እለምናችኋለሁ፣ ጉድጓድ፣ ታንከር ወይም የተዘጋ ቦታ ውስጥ ይሄን ማስክ አምናችሁ እንዳትገቡ። ማስኩ አየር ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይሰጥም፣ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ምንም አይጠቅማችሁም። ከከሰልና ከጄነሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታ የለውም፣ እነዚህ ካርትሪጆችም አይዙትም። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጋዝ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ የወደቀ ጓደኛውን ላውጣ ብሎ የገባው ሰው እዛው የሚቀረው በዚህ ነው። እንደዛ ያለ ቦታ የሚገባው የራሱን አየር በሲሊንደር የያዘና የሰለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ስራ ላይ እያላችሁ ሽታ ከመጣባችሁ ወይ ካዞራችሁ ወዲያው ውጡ፣ ማስኩንም ንጹህ አየር ጋ ሳትደርሱ አታውልቁ። ካርትሪጅ አንዴ ከተከፈተ ባትጠቀሙበትም ከአየሩ እየሳበ ያልቃል፣ ስለዚህ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጋችሁ አስቀምጡ፣ የተከፈተበትንም ቀን በማርከር ጻፉበት።