ስፓሙን በትኩሱ፦ ከስፓምአሳሲን ወደ ስፓምኮፕ

ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሜይል ሰርቨር የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማጣሪያችን ስፓምአሳሲን ነው። ስፓም፣ ማለትም ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ ኢሜይል፣ እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል፤ እንደሚከስስ ግን ብዙው ሰው ልብ አይለውም። ሾልኮ የገባውን የስፓም ክስ ለሚቀበለው ለስፓምኮፕ ያቀርብልናል፤ ስፓምኮፕም ሪፖርት የበዛበትን አይፒ አድራሻ (የላኪውን ሰርቨር የኢንተርኔት ቁጥር) ጥቁር መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል።

መጀመሪያ ስፓምኮፕ ላይ ተመዝገቡ። ለእናንተ ብቻ የሚሆን የማስረከቢያ ኢሜይል አድራሻ ይሰጣችኋል፤ ውስጡ የሚስጥር ኮድ ስላለ ለማንም አትስጡት። እዚያው ሳላችሁ ሜይል የምትቀበሉባቸውን ሰርቨሮች አስመዝግቡ፤ አለዚያ የገዛ ሰርቨራችሁን ልታስከስሱ ትችላላችሁ።

ቪ310 ዶት ፕሪ በሚባለው የስፓምአሳሲን ፋይል ውስጥ የስፓምኮፕ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) መስመር ፊት ሃሽ (#) ካለ ሃሹን አጥፉት። ሎካል ዶት ሲኤፍ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ስፓምኮፕ ፍሮም አድሬስ ብላችሁ የተመዘገባችሁበትን ኢሜይል፣ ስፓምኮፕ ቱ አድሬስ ብላችሁ ያንን የሚስጥር አድራሻ። ቃላቱን በአንደርስኮር አያይዙ። ከዚያ ስፓምአሳሲን፣ ድርብ ሰረዝ ሊንት ብላችሁ ቅንብሩን ፈትሹት፤ ዝም ካለ ደህና ነው።

ጣጣው ያለው መልእክቱ ላይ ነው። ገንዘብ ያዣችን «ይኸው ደግሞ መጣ፣ አንተ ልጅ!» እያለች ፎርዋርድ ታደርግልኛለች። አይረባም። መልእክቱ በየት በየት አልፎ እንደመጣ የሚናገረው ሄደር ይቀርና ላኪዋ እሷ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ዋናውን ከነሄደሩ ከሳጥኗ አውጥቼ ፋይል አደርገዋለሁ፤ ስፓምአሳሲን፣ ሰረዝ አር፣ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት፣ የፋይሉ ስም ብዬ እጽፋለሁ። ቤይዝ የሚባለው ከምሳሌ የሚማር የማጣሪያው ክፍል ከበራ በዚያው ይማርበታል።

ስፓምኮፕ ሊንክ ይልክላችኋል። ከፍታችሁ ካላጸደቃችሁት ሪፖርቱ የትም አይሄድም፤ በስህተት የላካችሁትንም የምትሰርዙት እዚያው ነው።

ፕለጊኑ ከሁለት ቀን ያለፈውን አይልክም። ዓርብ ከሰዓት የገባ ስፓም ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንከፍት ሞቷል፤ እኔ ቅዳሜ ከመዘጋታችን በፊት የሳምንቱን መጨረሻ አጸዳለሁ፣ የእሑዱን ከቤት። ጥቁር መዝገቡም ቢሆን ሪፖርት ካቆመ ከ24 ሰዓት በኋላ አድራሻውን ይለቀዋል።

ራሳችሁ የተመዘገባችሁበትን የሆቴልና የአየር መንገድ ማስታወቂያ ግን አትክሰሱ። ከግርጌው የምዝገባ መሰረዣ ሊንክ አለው።