ለታይታ ያልሆነ ልህቀት፦ ክርስቲያን የተሰጠውን ሥራ አሳምሮ ለመሥራት ምን ያድርግ?

ስለ ግል ልህቀት ከሚሰጡት ሥልጠናዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ፉክክር ነው፤ ከእኩዮችህ ቅደም፣ ስምህን አስጠራ ይላሉ። የክርስቲያን መነሻ ግን ከዚህ ይለያል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በተጻፈው የመክሊት ምሳሌ ጌታው ገንዘቡን ለአገልጋዮቹ ያከፋፈለው ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ሲሆን፣ በአምስት መክሊት አምስት ያተረፈውና በሁለት ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና ቃል በቃል አንድ ነው። የተጠየቁት ስለ ተቀበሉት እንጂ ከባልንጀራቸው ስለ መብለጣቸው አልነበረም። ደግሞም አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለነበረ፣ አንድ ዲናርም የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለነበረ፣ አንዱን ብቻ ተቀብሎ የቀበረው አገልጋይ እንኳ በእጁ የያዘው የ20 ዓመት ገደማ የድካም ዋጋ ነው። «የተሰጠኝ ጥቂት ነው» የሚለው ምክንያት ለእርሱም አልሠራለትም።

ስለዚህ በቅድሚያ ወረቀት ይዘው የተሰጠዎትን ይጻፉ፤ ሙያዎን፣ ጤናዎን፣ ጊዜዎን፣ ገንዘብዎን፣ በእርስዎ ኃላፊነት ሥር ያሉትን ሰዎች ጭምር። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ምርጫው «ምን ቢሳካልኝ ደስ ይለኛል» በሚል ሳይሆን «እኔ ባጓድለው የሚጎዳው ማን ነው» በሚል ጥያቄ ቢመራ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው አዲስ ዕቅድ ሳይሆን ለዓመታት በልማድ ሲሠራ የኖረ የዘወትር ተግባር ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋነኛው ነው፤ ማንም የማያየውን የሥራውን ክፍል ማስተካከል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክት ምዕራፍ 3 ለታይታ ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠራ ሰው በትጋት እንዲሠሩ የመከረው ባሮችን እንደነበረ ልብ ይሏል፤ የደረጃ ዕድገትም ሆነ ጉርሻ የማይጠብቁ ሰዎችን ማለት ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስን እናስብ። የሕመምተኛውን የደም ግፊትና ሙቀት በየአራት ሰዓቱ ለክቶ በካርዱ ላይ መመዝገብ አለበት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሕመምተኛው ተኝቷል፣ የክፍሉ ኃላፊ የለም፣ ድካሙም ከባድ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈውን ቁጥር ትንሽ ለወጥ አድርጎ መጻፍ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ጠዋት የሚመጣው ሐኪም መድኃኒቱን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ያንኑ ቁጥር አይቶ ነው። በዚያ ሰዓት ተነሥቶ መለካት፣ በእኔ አስተያየት፣ በአዳራሽ ፊት ከሚቀርብ ከማንኛውም ምስክርነት ይበልጣል። እርስዎም በመረጡት ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለችውን «ቁጥር» ለይተው ያውጡ፤ በእያንዳንዱ ሙያ አንድ ሁለት አይጠፋም።

ለዚህ የሚረዳ የሳምንት መመርመሪያ ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ማግኘት ይቻላል። በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ የነበረውን ዳንኤልን ሊከሱ የፈለጉ ባልደረቦቹ የመንግሥት ሥራውን መርምረው ስሕተትም ጉድለትም ስላጡበት፣ በመጨረሻ ሰበብ የፈለጉት በጸሎቱ ነበር። ዘወትር ዓርብ ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ወስደው የሳምንቱን ሥራ የሚጠላዎት ሰው እንደሚመረምረው አድርገው ይመልከቱት፤ ያልተወራረደ ደረሰኝ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ «ነገ» ተብሎ የቀረ ቃል። ያገኙትን ይጻፉና ሰኞ በእርሱ ይጀምሩ።

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። ያልተጠና መዝሙር፣ ያልተዘጋጀ ትምህርት፣ ሰዓቱ ያልተከበረ ጉባኤ «እግዚአብሔር ልብን ያያል» በሚል ሲሸፈን ማየት የተለመደ ሆኗል። ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡትን ሰዎች ነቢዩ ሚልክያስ «እስቲ ይህንኑ ለገዢህ አቅርብለት» በሚል አነጋገር ነበር የገሠጻቸው። መለኪያው ዛሬም ይሠራል፤ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎ የማያቀርቡትን ዝግጅት ለምእመናን አያቅርቡ።

ሥራን ብቻውን ያሻሻለ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያርም ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ለዓመታት የተማረ ደቀ መዝሙር፣ ምንም ያህል ድምፀ መልካም ቢሆን፣ ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ከመምህር ፊት ማስመስከሩ፣ ማለትም ዕውቀቱን አስመዝኖ መረጋገጡ፣ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ዜማውም የዜማው ምልክትም እዚያ ይታረማል። እርስዎም ሙያውን የሚያውቅና እርስዎን የማይፈራ አንድ ሰው ይፈልጉ። «እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት «ጥሩ ነው» ከማለት ስለማያልፍ፣ «በዚህ ውስጥ ሦስት ደካማ ቦታ አሳየኝ» ይበሉት፤ ሲናገርም ምክንያት ሳይደረድሩ ይጻፉ። የንስሐ አባት ወይም መንፈሳዊ መካሪ ድርሻ ሌላ ነው፤ ባለሙያው ሥራውን ሲያይልዎት እርሱ ደግሞ ከሥራው ጀርባ ያለውን ትዕቢት ወይም ፍርሃት ያያል።

ዕረፍትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤል የተባለው የእጅ ባለሙያ የእግዚአብሔርን ማደሪያ ድንኳን እንዲሠራ በጥበብ መንፈስ መሞላቱ ከተነገረ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ የሰንበት ትእዛዝ ይከተላል። ማደሪያውን የሚሠሩ እጆች እንኳ እንዲያርፉ ከታዘዘ፣ የእኛ ሪፖርት ሰንበትን የሚያሽር አይደለም።

አንድ ሰው በዚህ መንገድ እየበረታ ሲሄድ የሚገጥመው አስቸጋሪ ፈተና የሚበልጠው ሰው መምጣቱ ነው። በርናባስ በአንጾኪያ የታወቀ አገልጋይ ሳለ በኋላ ጳውሎስ የተባለውን ሳውልን ፍለጋ ራሱ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ አመጣው፤ አንድ ዓመት ሙሉም አብረው አስተማሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 መጀመሪያ «በርናባስና ሳውል» የነበረው አጠራር በዚያው ምዕራፍ «ጳውሎስና በርናባስ» ወደሚል ይለወጣል። ሁለቱ በኋላ ቢለያዩም ጠባቸው አብሯቸው ያገለግል በነበረው በማርቆስ ምክንያት እንጂ ማን ይቅደም በሚል አልነበረም። በሥራ ቦታዎ ወይም በአገልግሎትዎ ከእርስዎ የተሻለ ተሰጥዎ ያለው ወጣት ካለ፣ በሚቀጥለው ከባድ ሥራ ላይ ከጎንዎ ያስቀምጡት፤ የሚያውቁትን ሳይሸሽጉ ያሳዩት፤ የሠራውንም ራሱ በስሙ እንዲያቀርበው ያድርጉ።