ፊውዝ አለው ብላችሁ አትተማመኑ

ጥምቀት ባለፈ ማግስት አራዳ ያለችው ትንሿ ሱቄ በተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ (220 ቮልቱን ዕቃው ወደሚፈልገው ቮልት የሚቀይረው ክፍል) ትሞላለች። አብዛኛው የአምፕሊፋየር ነው። ሳጥኑን ስፈታው ፊውዙ በሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። «በዓሉን እስክንወጣ ብለን ነው» ይሉኛል። እሺ፣ ግን ፊውዙ የተበጠሰው ከረንት ስለበዛበት ነው። አፉን ስትዘጉበት የሚነደው ትራንስፎርመሩ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ፊውዝ በ220 ቮልቱ በኩል ብቻ አድርጎ መውጫውም ተጠበቀ ማለት ነው። እስቲ አስሉት። ትራንስፎርመሩ 220ን ወደ 18 ቮልት የሚያወርድ ከሆነ ልዩነቱ 12 እጥፍ ገደማ ነው፣ መውጫው ላይ ከረንቱ በዚያው ልክ ይበዛል፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለው የ2 አምፔር ፊውዝ መውጫው ላይ ወደ 24 አምፔር እስኪሳብ ድረስ ዝም ብሎ ያያል።

መውጫው ላይ ፊውዝ ብታደርጉም ከረንቱን ወደ መውጫው የሚያሳልፈውን ትልቁን ትራንዚስተር አያድንላችሁም። ፊውዝ ሞቆ እስኪቀልጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ ትራንዚስተር ደግሞ አይጠብቅም። መፍትሔው ከረንት ገዳቢ ነው፦ ከረንቱ የሚያልፍበት አንድ ሬዚስተርና አንድ ትንሽ ትራንዚስተር። ሬዚስተሩ ላይ 0.6 ቮልት ገደማ ሲደርስ ትንሹ ትራንዚስተር ነቅቶ የትልቁን ቤዝ ከረንት (የሚከፍተውን ትንሽ ከረንት) ይቀማዋል። ለ2 አምፔር 0.3 ኦም ይበቃል። ብቻ የሩብ ዋት ሬዚስተር እንዳታስገቡ፣ 1.2 ዋት ይወርድበታል፤ እኔ 3 ዋት ነው የማስገባው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም! መውጫው ሾርት ሲሆን (ሁለቱ ገመዶች ሲነካኩ) 2 አምፔሩ እንዳለ ነው፣ ቮልቴጁ ግን ሙሉ በሙሉ ትልቁ ትራንዚስተር ላይ ያርፋል። 20 ቮልት ቢሆን እንኳ 40 ዋት ሙቀት ነው፣ በትንሽ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) እንቁላል ይጠብሳል። ስለዚህ ወይ ሂት ሲንኩን መውጫው ሾርት የሚሆንበትን ጊዜ አስባችሁ ምረጡ፣ ወይ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ የሚቀንስበትን አሠራር ተጠቀሙ። ይሄኛው ግን አመል አለው። ቀዝቃዛ የክር አምፖልም ሆነ ሞተር ሲነሳ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ሾርት መስሎት አላስነሳም ይላል፤ እኔ ራሴ አንዴ በአንድ የ12 ቮልት የመኪና አምፖል የተነሳ ምንም ያልሆነ ትራንስፎርመር ግማሽ ቀን ስፈታ ውያለሁ።

ሌላው ስህተት ከገዳቢው በኋላ ትልቅ ካፓሲተር መደርደር ነው። ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ሲለቅ በገዳቢው በኩል አያልፍም። ገዳቢውን 20 ሚሊአምፔር ላይ አድርጋችሁ ኤልኢዲ ብትነኩበት እንኳ ኤልኢዲው ጧ ይላል።