የላጤ ቤት ችግርና መፍትሄ፦ በሙቀት ወራት ማብሰልና አፓርታማን ማሳመር

ብቻዬን መኖር በጀመርኩባቸው ዓመታት ቤቴ ውስጥ የሚበላሸውን ሁሉ በራሴ ስንፍና አሳብብ ነበር። ሰላጣው ይጠወልጋል፣ ሩዙ ይተርፋል፣ ሳሎኑ ዕቃ እያለው ባዶ ይመስላል። ቀስ ብዬ አንድ በአንድ ስመረምረው ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ድስቱ ለስድስት ሰው ተሠርቷል፣ የምግቡ አዘገጃጀት «ለአራት ሰው» ይላል፣ አትክልቱ በጥቅል ይሸጣል፣ ሶፋውም ለቤተሰብ የተለካ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈቱት ልኩን ወደ አንድ ሰው በማውረድ ነው። ሙቀት ሲመጣ ሁሉም ስለሚብሱ ከምድጃው እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ምድጃው ሲለኮስ ቤቱ እቶን ይሆናል፣ ለማብሰል አቅም ይጠፋል

ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ከምድጃ የሚወጣው ሙቀት መሄጃ የለውም። ከሙቀቱ ይልቅ የሚያደክመው ግን እንፋሎቱ ነው። አየሩ እርጥበት ሲሞላ ላባችን አይተንም፣ ላብ ካልተነነ ደግሞ ገላችን አይበርድም። ኦቨን ከሆነ ጉዳዩ ይከፋል፤ ለአንድ ሳህን ምግብ ብሎ ትልቅ ሳጥን 200 ዲግሪ ድረስ ማጋል ነው።

መጀመሪያ ድስቱን ክደኑ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚበተነው እንፋሎትም ይቀንሳል። ቀጥሎ እሳቱን ቀድማችሁ ማጥፋት ልመዱ። እንቁላሉን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥዳችሁ ሲፈላ አጥፉትና ከድናችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ተዉት፣ በራሱ ሙቀት ይበስላል። ፓስታም 2 ደቂቃ ከፈላ በኋላ እሳቱ ጠፍቶ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ቢቀመጥ ይደርሳል። ኩስኩስ የፈላ ውሃ ፈስሶበት ለ5 ደቂቃ ያህል ከተከደነ ምድጃ ላይ መውጣትም አያስፈልገውም።

ሽምብራና ቦሎቄ ለሚወዱ ፕሬዠር ኩከር በሙቀት ወራት ትልቅ እፎይታ ነው። ውስጡ 120 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ሰዓታት የሚፈጀውን ሥራ በጣም ያሳጥረዋል፣ እንፋሎቱንም አፍኖ ይይዛል። ስለ ቀይ ቦሎቄ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ጥሬው ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ማብሰል ደግሞ አያጠፋውም። ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ እየተንተከተከ መፍላት አለበት።

የሚበስለውን በማለዳ አብስሉ፤ ማታ የሚቀረው መቆራረጥና መቀላቀል ይሁን። የተቀቀለ ሽምብራ ከቲማቲም፣ ከኪያር፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከዘይት ጋር፣ ካላችሁም ቱና ተጨምሮበት፣ በሞቃት ምሽት እውነተኛ እራት ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ጣዕሙ ደብዘዝ ስለሚል ሎሚውን ጠንከር አድርጉት።

ቬንትሌተር ካላችሁ ምድጃው ሲበራ ወደ እናንተ አታዙሩት። መስኮቱ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ሌላ መስኮት ክፈቱ፤ ሞቃቱን አየር ያስወጣል፣ በሌላው በኩል አዲስ አየር ይገባል። ቬንትሌተር የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን አይደለም፣ ስለዚህ ከቤት ስትወጡ አጥፉት።

ምልክት፦ የተገዛው ሳይበላ ይበሰብሳል

ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ከገንዘቡ በላይ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። መንስኤው ሁለት ነው፤ ብዛቱና አቀማመጡ።

ብዙ ሰው ፍራፍሬውንና ቅጠላ ቅጠሉን አንድ ላይ ይከታል። ሙዝ፣ ፖምና ቲማቲም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ አጠገባቸው ያለው ቅጠልም በዚያ ጋዝ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ለያዩአቸው። ድንችና ሽንኩርትም ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ ይበላሻሉ፤ ሁለቱም ጨለማና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይፈልጋሉ፣ ግን ለየብቻ። ድንች ፍሪጅ ሲገባ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሲጠበስ ይጠቁራል። ዳቦም ፍሪጅ ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ቦታው ፍሪዘር ነው፣ ተቆርሶ ከገባ አንድ አንድ ቁራጭ እያወጡ ማሞቅ ይቻላል።

ሰላጣውን አድርቃችሁ በሶፍት ጠቅልላችሁ ዕቃ ውስጥ ክደኑት። ቅጠሉን የሚያበሰብሰው ላዩ ላይ የቀረው ውሃ ነው። ድንብላልና ፐርሰሜሎ ግንዳቸው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ከላይ ላስቲክ ለቀቅ ተደርጎበት ፍሪጅ ቢገባ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

የብዛቱ መድኃኒት ፍሪዘር ነው። ከቲማቲም ድልህ ጣሳ አንድ ማንኪያ ወስዶ ቀሪውን ሻጋታ እስኪወርሰው መጠበቅን የማያውቅ ላጤ አለ ብዬ አላምንም። በማንኪያ ማንኪያ በበረዶ መሥሪያው ላይ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት፣ ሲጠነክር ወደ ላስቲክ አዛውሩት። ዝንጅብሉን እንዳለ አስገቡትና እንደ በረዶ ሆኖ ይፋቅ፣ እንዲያውም ይቀላል።

ምልክት፦ አንድ ዓይነት ምግብ አራት ቀን መብላት፣ ከዚያ መሰልቸት

የበዛው ምግቡ ብቻ አይደለም፣ ጣዕሙም አስቀድሞ ተወስኗል። ቅመሙ ድስቱ ውስጥ ከገባ አራቱም ቀን አንድ ነው። እኔ የምለው፣ መነሻውን ብቻ አብስሉ፤ ጨው ብቻ ያለበት ሩዝ ወይም ምስር፣ የተጠበሰ አትክልት። ቅመሙ ሳህን ላይ ይወሰን። ዛሬ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት፣ ነገ በቲማቲም ስጎ፣ ከነገ ወዲያ እንቁላል ተሰብሮበት።

አዘገጃጀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ድስቱንም አሳንሱት። ሰፊ መጥበሻ ላይ የተጣደ ትንሽ ስጎ ውሃው ቶሎ ተንኖ ያራል፣ ብዙ ሰው ግን እሳቱን ይወቅሳል።

ምልክት፦ ከተረፈው በልቶ ሆድ መታወክ

እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም፣ ብቻውን የታመመ ሰው ውሃ የሚያቀብለው የለምና። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ቤቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ገደቡ 1 ሰዓት ነው።

ሩዝ ብቻውን መጠቀስ አለበት። ጥሬው ላይ ያለው ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር መቀቀልን ይቋቋማል፤ ሩዙ ድስቱ ውስጥ እንደሞቀ ሲያድር ይነቃና መርዝ ያመነጫል፣ ይህን መርዝ ደግሞ ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። «አሙቄዋለሁ» ማለት እዚህ ዋስትና አይሆንም።

ምግቡን ጥልቀት በሌለው ሰፊ ዕቃ ዘርጉት፣ እንፋሎቱ ሲበርድ ፍሪጅ ይግባ፣ ክዳኑ ላይ ቀኑን ጻፉበት። ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ የማይበላ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ወደ ፍሪዘር አስገቡት። ስታሞቁት መሐሉ 74 ዲግሪ ይድረስ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ መሐሉም እንፋሎት እስኪያወጣ እያማሰላችሁ አሙቁ።

ምልክት፦ ፍሪጁ እየሠራ ወተቱ ይጎመዝዛል

ውስጡ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 መሆን አለበት። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል ወይም ቆሽሿል፣ በለብ ያለ የሳሙና ውሃ እጠቡት። ከኋላው ያለው ጥቁር ሽቦ አቧራ ከለበሰ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ከሶኬት ነቅላችሁ በብሩሽ አራግፉት፣ ከግድግዳውም ራቅ ይበል። ወተቱን ደግሞ ከበሩ ላይ አንሱት። የፍሪጁ በር ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈት ከመደርደሪያዎቹ ይሞቃል።

ምልክት፦ ቆሞ መብላት፣ ወይም አልጋ ላይ

የምግብ ፍላጎት ጠፋ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው መቀመጫ ነው። ጠረጴዛው ላይ ልብስ፣ ወረቀትና ቻርጀር ተከምሯል፣ ለሳህን ቦታ የለም። 60 ሴንቲ ሜትር በ60 የሆነች ጠረጴዛ ለአንድ ሰው ትበቃለች። መስኮት ዳር አድርጓት፣ ከምግብ ሌላ ምንም አይቀመጥባት። የምትወዱትን ሳህን ለእንግዳ አትደብቁት። ቤቴን ካሻሻልኩባቸው ነገሮች ሁሉ ይህችን ጠረጴዛ የሚያህል የለም፤ ምግብ በደንብ የሚበላበት ቦታ ሲኖር ምግብ በደንብ ይሠራል።

ምልክት፦ ዕቃው ሁሉ አለ፣ ቤቱ ግን የቢሮ መጠበቂያ ክፍል ይመስላል

ሶፋ ከመቀየራችሁ በፊት ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። አንድ ነጭ አምፖል ብቻ ከሆነ ያለው መንስኤውን አግኝታችኋል። ከላይ የሚወርድ አንድ ብርሃን ብቻ ሲሆን ክፍሉ ጥልቀት ያጣል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ፤ 6500 ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ነው፣ 2700 ደግሞ ቢጫ፣ የምሽት ብርሃን ነው። ለሳሎንና ለመኝታ 2700 ግዙ፤ ለማብሰያው 4000 ጥሩ ነው፣ የሚቆረጠው በደንብ ይታያል።

ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች አውርዱ። ሁለት ወይም ሦስት የጠረጴዛና የቁም መብራቶች፣ በተለያየ ጥግና በተለያየ ከፍታ። 800 ሉመን የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፣ ኤልኢዲ ይህን በ9 ዋት አካባቢ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሙቀት አይጨምርም፣ በበጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መብራቱ ተስተካክሎ ክፍሉ አሁንም የተበታተነ ከመሰለ ምንጣፉን ተመልከቱ። ትንሽ ምንጣፍ መሐል ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ክፍሉን ያሳንሳል፤ ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ይርገጡት። ሥዕሎችን ብዙዎቻችን ከፍ አድርገን እንሰቅላለን። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 145 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን የቆመ ሰው ዓይን ላይ ይውላል። የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ በላይ ከፍ፣ በግራና በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፋ አድርጉት፤ ሲከፈት መስታወቱን አይሸፍንም፣ መስኮቱም ትልቅ ይመስላል።

ምልክት፦ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ አይቀመጡበትም

ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ መጋረጃ የሚያግዘው በከፊል ነው፣ ሙቀቱ ገብቷልና። ከውጭ መከለል ከተቻለ ይበልጣል። ካልተቻለ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ወፍራም መጋረጃ ፀሐይዋ ሳትደርስ ዝጉ፣ ውጩ ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ትይዩ መስኮቶችን ከፍታችሁ አሳድሩ።

ምልክት፦ የተለጠፈው ማንጠልጠያ ይወድቃል

ግድግዳ መብሳት በማይፈቀድበት ኪራይ ቤት የተለመደ ነው። የሚወድቀው አቧራና ቅባት ላይ ስለተለጠፈ ነው። በአልኮል ጥረጉ፣ 30 ሰከንድ ጫኑት፣ ዕቃውን ከ1 ሰዓት በኋላ ስቀሉ። ግድግዳው አዲስ ከተቀባ ቢያንስ አንድ ሳምንት ታገሱ። መስታወት ግን በማጣበቂያ አትስቀሉ፤ ወለል ላይ ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙት፣ እንዳይንሸራተትም ከእግሩ ስር ጎማ አድርጉ።

ምልክት፦ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የታፈነ ሽታ

ሻጋታ ነው። የቤቱ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን አየር በማይደርስበት ጥግ ይበቅላል። ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣትና ሳይከድኑ ማብሰል ይመግቡታል። ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ በየቀኑ መስኮት ክፈቱ። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከአቼቶም ሆነ ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሽታው ከባኞ ወለል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጎባጣ ቱቦ) ደርቋል ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ተክላችሁ ቢጫ ከሆነ ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን በጣት ንኩ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ታች እርጥብ ከሆነ የሚገድለው ውሃው ነው።

ምልክት፦ «ቤቱ ሲያልቅ እጋብዛለሁ» እየተባለ ዓመት ያልፋል

መንስኤው ቤቱ አይደለም፣ ሁለተኛ ወንበር አለመኖሩ ነው። አንድ ተጨማሪ ወንበር ግዙ፣ የሚታጠፍም ቢሆን። ለመጀመሪያው ግብዣ ምድጃ የማያስፈልገው ምግብ ምረጡ፤ ሽምብራውን በማለዳ ቀቅሉ፣ አትክልቱን ቀድማችሁ ከትፉ፣ ሎሚና ጨው ግን እንግዳው ሲደርስ ይጨመር፣ አለዚያ ቲማቲሙ ውሃ ይለቃል። የኮርኒሱን መብራት አጥፍታችሁ የጥጉን አብሩ። ምግቡን ከፍሪጅ ያወጣችሁበትን ሰዓት ልብ በሉ፣ ጨዋታው ሲደራ 2 ሰዓት ቶሎ ያልፋል።