ልጆችን ይዞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መዋል

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይድረሱ። አጥማጆቹ ዓሣቸውን የሚያወርዱት፣ አባ ኮዳዎቹም የሚሰበሰቡት ማለዳ ነው። መላጣ ራሱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ የሚቆመው ይህ ወፍ ከአምስት ዓመቷ ልጄ ይረዝማል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አንጀት ሲወረወርለት ምንቃሩ ሲገጥም ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። እንዳትጠጋው የልጅዎን እጅ ይያዙ።

ጀልባ የሚከራዩት ከዚያ ቀጥሎ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው። ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይጨርሱ። በልጅ ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ፤ እኔ አንድ ጊዜ የአዋቂ ጃኬት አልብሻት እስክንመለስ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ጉማሬዎቹ ጆሯቸውና አፍንጫቸው ብቻ ብቅ ይላል። ነጂው እንዲጠጋላችሁ በፍጹም አይጎትጉቱት።

ምሳ የዓሣ ጥብስ ይሁን። ከዚያ ጥላው ሥር አረፍ ብለው ዛፎቹን ቀና ብለው ይመልከቱ። እዚያ የሚታየው ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ እንደ እኛ አውራ ጣት የለውም፤ ግልገሉም ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ይህን ስነግራት ልጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ነጭ ግልገል ስትፈልግ አንገቷን አላወረደችም። ጦጣዎቹ ቦርሳ ስለሚፈትሹ ሙዝ ይዘው አይሂዱ።