አልጮኽ ያለውን ጅራፍ እንዴት እንዳስጮኽነው

ልጆቼ ለቡሄ ከቃጫ የገመዱት ጅራፍ አየሩን ከመቅዘፍ በቀር ድምፅ አልነበረውም። ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባልለት ጅራፍ እኛ ቤት ሲደርስ መጮኹን ተወ። ታናሹ የድሬዳዋን ሙቀት ወቀሰ።

ጥፋቱ የሙቀቱ ሳይሆን የውፍረቱ ነበር፤ ጅራፉ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል ነው። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ በልጦ ሲወነጨፍ ነው። ለዚህም ከክንድ የተነሣው ጉልበት እየቀጠነ ወደሚሄድ፣ ቀላል ወደሆነ ጫፍ መሻገር አለበት።

ስለዚህ የታችኛውን ግማሽ ፈታነው። ቃጫውን ውሃ ነክረን አለሰለስነው፤ ደረቁ ሲገመድ ይሰባበራል። እንደገና ስንገምድ በየስንዝሩ ጥቂት ዘለላ እየቀነስን ወረድን። ጫፉ የጫማ ማሰሪያ ያህል ሲቀጥን ቋጠርነው፤ ከቋጠሮው በታች ያለውን ሦስት ጣት ያህል ቃጫ ሳንገምድ በተንነው። አወነጫጨፉ ቀላል ነው፦ ወደ ፊት ሰዶ ድንገት መመለስ። ጮኸ! ጎረቤት ሁሉ ብቅ ብሎ አየ።

ለጨዋታው ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ያጓጓል፤ እኔ ግን በነሐሴ አልፈቅድም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ የ1998ቱን ማን ይረሳል? ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ሜዳ በቂ ነው። የሚያስጮኸው ልጅ ዙሪያውን ባዶ ያደርጋል፣ ዓይኑንም ይከልላል። ታናሹ የእናቱን የፀሐይ መነጽር ወስዷል፤ እስካሁን አልመለሰም።